አንድ ክዳን ጠበል

እናቴ አንጀቷ ተጠምዝዞ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት በኋላ በራሷ መተንፈስ አቃታት። ሀዋሳ፣ አንድ ሆስፒታል፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ገብቶላት በማሽን ትተነፍስ ነበር። ዘመኑ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በአንድ ለአምስት የምንሰበሰብበት ነበርና ከቡድኔ ፈቃድ ለምኜ ነው ያስታመምኳት። ስብሰባው አመለጠኝ ብዬ ግን አላለቀስኩም።

በአራተኛው ቀን ትኩሳት ጀመራት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲያስረዳ አይሰለችም። «በማሽን የሚተነፍስ ሰው የሳንባ ምች ቶሎ ይይዘዋል» አለኝ። «ራጁ ላይ ነጭ ነገር ይታያል፤ ግን ውኃ ቋጥሮም ሊሆን ይችላል። ሰውነት ከጀርም ጋር ሲታገል ደም ውስጥ የሚጨምር ነገር አለ፤ እሱን እንለካለን።» እስከዚያው ጠንካራ መድኃኒት ጀመሩላት። መድኃኒቱ ደግሞ የደከመ ኩላሊቷን ይጎዳል።

በማግሥቱ ማለዳ ደሟን ቀዱ። ከዚያ በኋላ የገባሁት እኔ ነኝ። የእናቴ ታላቅ እህት ከመናኸሪያ በቀጥታ መጥተው፣ በር ላይ በሃይላንድ ጠበል ሰጥተውኝ ነበር። «አንድ ክዳን ብቻ ልጄ፤ ከንፈሯን ካለፈ ይበቃታል» አሉኝ። ነርሷ በአፏ ምንም እንዳይገባ አስጠንቅቃኛለች። ግን እምቢ ብዬ እናቴ ብትሞትስ? የአክስቴን ዓይን ዕድሜ ልኬን እንዴት እችለዋለሁ? በቱቦው ጎን ጠብ አደረግኩላት። እናቴን ትን አላት፤ ማሽኑ ጮኸ፤ ነርሷ እየሮጠች መጣች።

«ምን ሆነች?»

«እኔ እንጃ» አልኳት፣ ሃይላንዱን ነጠላዬ ውስጥ ወሽቄ። ለካ ለውሸት እጄ ፈጣን ነው።

ከሰዓት ሐኪሙ ፊቱ በርቶ መጣ። «ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው። የሳንባ ምች አይመስልም፤ መድኃኒቱን እናቆማለን።»

አክስቴ እልል አሉ። እኔ ግን ደሟ መቼ እንደተቀዳ አስታወስኩ። ያ ቁጥር የሚያውቀው ጠበሉን ሳልሰጣት በፊት የነበረችውን እናቴን ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእናቴ ሳንባ ግን እስኪጠራ የሚጠብቅ አልመሰለኝም። ብናገር ነፍሰ ገዳይ ይሉኛል፤ ባልናገር እሆናለሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

«ዶክተር፣ ጀርሙ ዛሬ ጠዋት ገብቶ ቢሆንስ? ቁጥሩ ላይ ይታይ ነበር?»

«ለምን ዛሬ ጠዋት?» አለኝ።

ነገርኩት። አክስቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሐኪሙ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን እናቴን ብቻ ነው የሚያየው። «መድኃኒቱ አይቆምም። ነገ ደሟን ደግመን እናያለን» አለና ሄደ።

በማግሥቱ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ጨምሮ መጣ። መድኃኒቱ ተቋርጦ ቢሆን ምን ይፈጠር እንደነበር ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። እናቴ ከሳምንት በላይ ታግላ ከማሽኑ ተላቀቀች።

ቤት ስትገባ ጠያቂ ሞላ። በሰለለ ድምጿ ለመጣው ሁሉ፣ «ልጄ ናት ያተረፈችኝ፤ ከአጠገቤ ንቅንቅ አላለችም» ትላለች። እኔ ሻይ አቀርባለሁ። ከአክስቴ ጋር ዓይን ለዓይን አንተያይም።