ሳጥኗን የማታስነካው ሴትዮ

ከሱሉልታ በተነሣው ሚኒባስ ውስጥ ፊቷን ኮሶ እንደጠጣ ሰው ያጨማደደች ሴትዮ ተሳፍራለች። ሰላም ላላት ሰው የምትመልሰው በክርኗ ነው። በረዶ የታጨቀበት ሳጥን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ ክዳኑን ደጋግማ በመዳፏ ትዳብሳለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ባለሱቋ ራቢአ፣ ወሬ ሳትሰማ ከዋለች እህል የማይወርድላት፣ ሳጥኑን በዓይኗ ልትከፍተው ምንም አልቀራት።

«ማዘር፣ እሱን ሞተሩ ላይ አርጊውና ጠጋ በይ፣ ሰው እንጫን» አለ ረዳቱ።

«እጅህን ሰብስብ!»

«ዓሣ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ምላስ የሚበላ ዓሣ።»

ራቢአ አላስቻላትም። «የኔ እህት፣ ግን ምንድን ነው?»

«የጡቴ መድኃኒት። ካንሰሩ ‹እደግ› የሚለውን ትእዛዝ የሚሰማበት ጆሮ ከልክ በላይ አብቅሏል፤ ይሄ ጆሮውን ይደፍንልኛል። ከሞቀ ግን ይበላሻል፣ እኔም አብሬው። በቃሽ? ሂጂና አውሪው!»

እንጦጦ ጋ መንገዱ ተዘጋጋ፤ ፀሐዩም በመስኮት ገብቶ ሳጥኑ ላይ ጉብ አለ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ከላይዋ ገፍፋ ሳጥኑን ጠቀለለችበት። ያኔ ሸሚዟ በግራ ጡቷ በኩል ሜዳ ላይ የተነጠፈ መስሎ ታየ። የተሳፋሪው ዓይን ሁሉ እዚያ ላይ ተተከለ፤ ራቢአ እንኳ ሳጥኑን ረሳችው።

«ምን ያስፈጥጣችኋል?» አለች ሴትዮዋ። «ይልቅ መስኮት ክፈቱ!»