ወንበር የሌለበት የዕፅዋት ሱቅ

ጋሽ ቀጥበል ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስቆሙ የኖሩ ሰው ናቸው። የስፖርት መምህር ነበሩ። ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሲንጎራደዱ፣ ጎበጥ ያለ ልጅ ባዩ ቁጥር «ቀጥ በል!» ይሉ ነበር፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ መጥቶ ተጣብቆባቸው ቀረ። ዛሬ ጎልማሳ የሆኑ ተማሪዎቻቸው መንገድ ላይ ድንገት ካገኟቸው ከሰላምታው በፊት ትከሻቸውን ወደ ኋላ ይስባሉ። አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ እንኳ ቦርጩን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ሲያልፋቸው ታይቷል።

ጉልበታቸው ግን ለዚህ ሁሉ ዝና ደንታ አልነበረውም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ቀኝ ጉልበታቸው ሌሊቱን ኩፍ ብሎ ያደረ ሊጥ መስሎ ይጠብቃቸዋል። ሐኪሙ «የመገጣጠሚያ ብግነት» ሲል ስም አወጣለት። እሳቸው ለጠየቃቸው ሁሉ «ትንሽ ደረቅ ብሏል» ማለትን መረጡ፤ የበር ማጠፊያ ይመስል።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። በዋናው መንገድ ዳር፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በፀጉር አስተካካይ መካከል፣ የዕፅዋት ሱቅ ከፍታለች። የእርድ ካፕሱል፣ በጠርሙስ የታሸገ የዝንጅብል ዱቄት፣ በከረጢት የደረቀ ሳማ፣ ለወገብና ለጉልበት የሚታሽ ቅባት ትሸጣለች። ደንበኞቿ አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው፤ ደረጃ መውጣት የሚያስፈራቸው፣ የጠርሙስ ክዳን መክፈት ያቃታቸው። ልጅቱ አታላይ አልነበረችም። አታላይ ብትሆን ኖሮ የአባቷ ነገር ቀላል ይሆን ነበር። እሷ የምትሸጠውን የምታምን፣ ያመነችውንም ራሷ የምትውጥ ሴት ናት።

የመምህሩ ጉልበት ክፉኛ ባበጠበት ሰሞን አንድ ብልቃጥ ካፕሱል ይዛላቸው መጣች። «አባዬ፣ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» አለች። እንደ ጨዋ ተማሪ ዋጡ። ነገር ግን ሕመሙ ትዕግሥት አሳጣቸውና፣ በዚያው ሳምንት ለልጃቸው ሳይነግሩ ክሊኒክ ሄደው ጉልበታቸውን መርፌ ተወጉ። ካፕሱሉን ናቀው እንዳትል ብለው ነው የደበቋት። ከጥቂት ቀን በኋላ እብጠቱ ሟሸሸ። ልጅቱ ቁልፏን አዙራ ስትገባ፣ አባቷ ግድግዳ ሳይደገፉ ከወጥ ቤት ወደ በረንዳ ሲራመዱ ደረሰች።

«አባዬ! ሠራ!»

«ምኑ?»

«ካፕሱሉ ነዋ!»

የመርፌው ነገር ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። ግን የልጅቱ ዓይን እንባ አቅርሯል። ከዚህ ሱቅ በፊት የከፈተችው የሕፃናት ልብስ መደብር ተዘግቶባታል፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተሳካልኝ ስትል ሰምተዋት አያውቁም።

«ሳይሆን አይቀርም» አሉ።

ከዚህ የበለጠ ጨዋ ውሸት በቋንቋችን ያለ አይመስልም። መምህሩ አልዋሹም፤ እውነቱን ደጅ አቁመው ግባ አላሉትም እንጂ።

በማግስቱ ፎቶ ተነሡ። በአንድ እግራቸው ቆመው፣ እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው፣ ፊሽካው ደረታቸው ላይ። ፎቶው በትልቁ ታትሞ ከካፕሱሉ መደርደሪያ በላይ ተሰቀለ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ተፈለጉ። «ጠዋት ጠዋት ብቅ በልልኝ አባዬ፤ ዝም ብለህ ብትቆም ይበቃኛል» አለች። በሱቁ የነበረውን አንድ ወንበርም ለፀጉር አስተካካዩ ሰጠችው። «ቁጭ ብለህ ካዩህ ማን ያምነኛል?» አለች እየሳቀች። መምህሩም ሳቁ። ያን ጊዜ መርፌው ገና ትኩስ ስለነበር መሳቅ ይቻል ነበር።

መርፌው ኃይሉን ሲጨርስ ሳቁም አብሮ አለቀ። ክሊኒኩ «በላይ በላዩ አይወጋም፤ ጊዜ መስጠት አለብን» ብሎ መለሳቸው። መምህሩ ተደብቀው ከዘራ ገዙ። ከቤታቸው እስከ ሱቁ ማዶ ድረስ በከዘራው ይመጣሉ፤ ከዚያ እዚያው ማዶ ያለው ፋርማሲ ጎራ ብለው ከመስታወቱ ጀርባ ያስቀምጡታል፤ አስፋልቱን ባዶ እጃቸውን፣ ደረታቸውን ነፍተው ይሻገራሉ። ፋርማሲስቱ የድሮ ተማሪያቸው ነው።

«ጋሼ፣ ይዘውት ቢሻገሩ ምናለ? መኪናው እንደሆነ አላስተማሩትም፤ ቁም ቢሉት አይቆምም።»

«አስቀምጥ ስልህ አስቀምጥ።»

«እሺ ጋሼ። ካፕሱሉስ?»

«አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔማ፣ እርድም ዝንጅብልም ለአንዳንድ ሰው ሕመሙን ቀለል ያደርጉለታል፤ አልክድም። ለአንዳንዱ ደግሞ ምንም አይፈይዱም። የሐኪም መድኃኒት ግን አይተኩም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባይነካቸው ይሻላል።»

«ይኼን ለልጄ ለምን አትነግራትም?»

«ነግሬያታለሁ እኮ። ‹አባቴን እየው› አለችኝ።»

ሱቁ ጠባብ ነው። ለመምህሩ ግን ከበሩ መቃን እስከ መደርደሪያው ጠርዝ፣ ከመደርደሪያው እስከ ሚዛኑ ጠረጴዛ ያለው ባዶ ቦታ እንደ ባሕር ሰፋባቸው። መቃኑን በክርናቸው፣ መደርደሪያውን በጀርባቸው፣ ጠረጴዛውን በጣቶቻቸው ጫፍ መደገፍን ተማሩ። ላየ ሰው፣ ዘና ብለው የቆሙ ይመስላሉ። አንድ ቀን አንድ ተጠራጣሪ ሽማግሌ «እስኪ አንዴ ቁጢጥ ይበሉልኝ» ቢላቸው፣ «እኔ ለመታየት ነኝ እንጂ ለመሞከር አይደለሁም» ብለው መለሱት። ደንበኞቹ ሳቁ። እሳቸውም ከፎቶው ሥር ቆመው፣ በአንድ እግሩ የቆመውን ያንን ሰውዬ በልባቸው ሰደቡት። ማታ ቤታቸው ሲገቡ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። ስልኩ ይጮኻል።

«አባዬ፣ ጉልበትህስ?»

«ደህና ነው።»

በእያንዳንዱ «ደህና ነው» መውጫው በር አንድ መቀርቀሪያ ይጨመርበት ነበር። የሚጨምሩት ደግሞ ራሳቸው ናቸው።

ከዕለታት በአንዱ ጠዋት እትዬ ታይፕ መጡ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የነበሩ፣ ፈተናውን ሁሉ የተየቡ፣ መምህሩ ሜዳ ላይ ሲጮኹ ከቢሯቸው መስኮት ሆነው ሲያፌዙባቸው የኖሩ ሴት ናቸው። የጣቶቻቸው አንጓዎች አሁን እንደ ዝንጅብል ሥር አብጠዋል፤ ቦርሳቸውን የሚይዙት በጣታቸው ሳይሆን በክንዳቸው ነው። ሐኪሙ ያዘዘላቸውን ክኒን ካቋረጡ ጣቶቻቸው ሊጣመሙ፣ ከተጣመሙም ላይመለሱ እንደሚችሉ ለመምህሩ የነገሯቸው ራሳቸው ነበሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ቆመሃል?»

«ምን ላድርግ፣ ልማድ ሆኖብኝ።»

«ለቀብርህም ቆመህ የምትሄድ ነው የሚመስለኝ።»

ልጅቱ ከጠረጴዛው ጀርባ ሳቀች። «ምን ልስጥዎ እትዬ?»

«እሱ የሚውጠውን። የሆስፒታሉን ክኒን ካለፈው እሑድ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ሆዴን እየበጠበጠ አስመረረኝ።»

ልጅቱ ወደ ካፕሱሉ የዘረጋችውን እጇን አየር ላይ አቆመች። «ሐኪምዎን ጠይቀዋል?»

«ምኑን እጠይቃለሁ? ማስረጃው ፊቴ ተገትሮ! አባትሽ የሐኪም መድኃኒት ይነካል እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ። ከካፕሱሉ በቀር ምንም አይወስድም። አይደል አባዬ?»

መምህሩ ጀርባቸውን ከመደርደሪያው ጋር አጣበቁ። ያ ጨዋ ቃል ምላሳቸው ላይ ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ ሳይሆን አይቀርም። እሱን ብለው ቢያልፉት ማንም አይጠረጥርም። እትዬ ታይፕም ብልቃጣቸውን በክንዳቸው አቅፈው ይሄዳሉ፣ ጣቶቻቸውም ተጣመው ይቀራሉ። መምህሩ እነዚያን ጣቶች አዩ። ኮታቸውን መቆለፍ አቅቷቸው አንደኛው ቁልፍ ክፍቱን ቀርቷል።

«ወንበር አምጪልኝ» አሉ።

«ምን?»

«ወንበር።»

«ወንበር የለም እኮ አባዬ…»

መምህሩ የመደርደሪያውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙና፣ ሱቁ ጥግ ወዳለው ያልተከፈተ የካፕሱል ካርቶን መውረድ ጀመሩ። አወራረዳቸው የድሮ ፒያኖ ከፎቅ እንደሚወርድ ያለ ነበር፤ ቀስ ተብሎ፣ እየቆመ፣ ሁሉም ትንፋሹን ይዞ። ካርቶኑ አንድ ጎኑ ሰርጎድ አለ፤ ቢሆንም ቻላቸው።

«መርፌ ነው» አሉ፤ በሜዳው ድምፅ። «ካፕሱሉን ባመጣሽልኝ ሳምንት ክሊኒክ ሄጄ ጉልበቴን ተወግቻለሁ። ካፕሱሉንም ውጫለሁ፤ የትኛው ምን እንደሠራ አላውቅም። መርፌው ጊዜው አልፎበታል። ካፕሱሉን እስከ ዛሬ ጠዋት ውጫለሁ፣ ጉልበቴም ይኸው።» ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። ያበጠው ጉልበት ወጣ፤ እንደ ፎቶው ሁሉ ለሕዝብ ታየ።

ወደ እትዬ ታይፕ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ፣ ሆድሽን ከበጠበጠሽ ለሐኪሙ ንገሪው። እኔን አይተሽ የምትተዪው ክኒን የለም። እኔ ቀጥ ያልኩት መደርደሪያው ይዞኝ ነው።»

ልጅቱ የምታየው ጉልበታቸውን አልነበረም፤ ፎቶውን ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበር» አሉ።

ልጅቱ ከሱቁ ወጣች፤ አስፋልቱን ግራና ቀኝ ሳታይ ተሻገረች። መምህሩ ሊከተሏት ተነሡ፤ ማለትም ሊነሡ አሰቡ። ጉልበቱ እንቢ አለ። መደርደሪያው ከእጃቸው ርቋል፣ ጠረጴዛውም እንዲሁ፤ እውነቱን ተናግረው ሲያበቁ ካርቶን ላይ ታሰሩ።

«ቀጥ በል እንጂ!» አሉ እትዬ ታይፕ።

«አልችልም።»

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማ ተማሪ የለም። እትዬ ታይፕ ሳቃቸውን ዋጡና በዚያ ባበጠ እጃቸው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉ። «ተወው በቃ። እኔም ከሰዓት ሐኪሙ ዘንድ እሄዳለሁ። አንተን ተቀምጠህ ካየሁ በኋላ ምኑን አምኜ እቀመጣለሁ?»

ልጅቱ በአንድ እጇ ከዘራውን፣ በሌላው የፋርማሲውን የፕላስቲክ ወንበር ይዛ ተመለሰች። የመምህሩ ፊት በራ። እሷ ግን ወንበሩን ለእትዬ ታይፕ አደረገችላቸው፤ ከዘራውን የበሩ መቃን ላይ አስደገፈችው።

«ማዶው ሁሉ ያውቅ ነበር» አለች። «ከእኔ በቀር።»

«ከዘራውን አቀብይኝ ልጄ።»

«ቆይ።»

ቆዩ። የሚያቆያቸው ነገር ሞልቶ ነበር።

በዚህ መሐል እያነከሰ አንድ ሰው ገባ። ፎቶውን አየ፤ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ካርቶኑ ላይ የተቀመጡትን አየ፤ ማንነታቸውን ሲያውቅ ሳያስበው ትከሻውን ወደ ኋላ ሳበ።

«እውነት ይሠራል?» ሲል ልጅቱን ጠየቃት።

ልጅቱ ካፕሱሎቹን ተመለከተች። «አባቴን ጠይቀው» አለች፤ ወደ አባቷ ሳትዞር።

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቁጭ በል፤ ነገሩ ረዘም ይላል» አሉት።

በሱቁ ውስጥ ግን መቀመጫ የሚባል አልተረፈም ነበርና፣ ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰማቸው።