የመሪው ብረትና የእኔ ዓይን

ሰሞኑን ፍኖተ ሰላም፣ የልጅ ልጄ ግቢ ቁጭ ብዬ ፀሐይ ስሞቅ፣ የጋለ ብረትና የተቃጠለ ግራሶ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና፣ ጥርስ የሌለኝ አሮጊት ወዲያው የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ አረፍኩት። ልጁ ያረጀች መኪናውን በድንጋይ ደግፎ፣ ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደውን ብረት ከመጋጠሚያው ለማላቀቅ ከሥሯ ተጋድሞ ይታገላል። ያንን ብረት እኔ አውቀዋለሁ። እሱም ያውቀኛል።

በጣልያን ጊዜ ከቡሬ ወረድ ብሎ መንገድ ዳር እንኖር ነበር። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበሩና፣ ሰዉ ዓይናቸው ያረፈበት ይታመማል እያለ ቡዳ ይለን ነበር። ማረሻ ሊያሠራ የመጣ ገበሬ እኔን ሲያይ ስንቁን በጋቢው ይሸፍን ነበር፤ እኔም ተንኮለኛ ነበርኩና ሆን ብዬ አፈጥበት ነበር። አባቴ ይስቃል። «የእኔ ልጅ ዓይን ቢበላማ ይሄን ሁሉ ሽሮ ለምን አበላታለሁ?» ይል ነበር።

በጋው ገብቶ መንገዱ እንደ ደረቀ፣ አንድ የጣልያን ካሚዮን መሪው አልታዘዝ ብሎ ደጃችን ቆመ። ፈረንጁ ሹፌር በአስተርጓሚ አባቴን አዘዘው፤ የተጣመመውን የመሪ ብረት አውጥቶ፣ አቃንቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልመለሰ፣ ሌላ መኪና መጥቶ እሱኑ ጭኖ ይሄዳል። ከመንደራችን በዚያ መንገድ ተጭኖ የተመለሰ ሰው አላየንም።

አባቴ ብሎኑን ፈታው፣ ብረቱ ግን ከቀዳዳው ንቅንቅ አላለም። እኔ ወናፍ እየነፋሁለት ፍም አስጠግቶ አጋለው፣ ጫፉን በመዶሻ መታው፣ ጫፉ መጠፍጠፍ ሲጀምር ግን ፈራና ተወው፤ ከተጠፈጠፈማ በቀዳዳው አያልፍም። ጥላው እየረዘመ ሲሄድ እናቴ እጇን ከጭቃው አውጥታ መጣች።

«ክዳን ማሰሮ አፍ ላይ ሲነክስብኝ ክዳኑን እመታለሁ እንዴ? አንገቱን ነው ግራና ቀኝ መታ መታ የማደርገው» አለችው።

በእኛ ቤት ሴት መዶሻ አትጨብጥም ነበር። የዚያን ቀን ግን አባቴ ዲጅኖ ከሥር ሸጉጦ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ ጭኖ፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ሆነው የቀዳዳውን ጎን እኩል ይቀጠቅጡት ጀመር። ምንም። ክንዳቸው ሲዝል ውሃ ሊጎነጩ ገባ አሉ።

ያኔ ሁሉም ነገር ጭጭ አለ፣ ወፉ ሳይቀር። እኔ ከካሚዮኑ ሥር ገባሁ። የብረቱ ራስ ክብ ነው፣ ጥቁር፣ በግራሶ የረጠበ፣ እንደ ዓይን ብሌን ጎድጓዳው ውስጥ የተቀመጠ። አፈጠጥኩበት፤ እሱም ያፈጠጠብኝ መሰለኝ። እየቀዘቀዘ ጢቅ፣ ጢቅ ይላል። በሆዴ፣ አባቴን ልቀቅ አልኩት። ማንም ሳይነካው ጓ ብሎ ተላቀቀ።

ቀና ስል አስተርጓሚው አጎንብሶ ያየኛል። አማተበ፣ ለፈረንጁ ሹክ አለው፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወደ እኔ ዞር አላሉም። ይህን ከደጃፍ ሆኖ ያየው አባቴ ብረቱን አቃንቶ መልሶ አሰረው፣ ካሚዮኑም ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄደ። አባቴ ቀረልን።

ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ቤት ሲሰበስበን ነው ያስተዋልኩት። ሰው ምግቡን ሲሸፍንብን ይስቅ የነበረው አባቴ፣ ሊጎርስ ሲል ጀርባውን ይሰጠኝ ጀምሯል። ክፉ ቃል አልወጣውም፣ ፀጉሬን ይደባብሰኝ ነበር፣ ሲጎርስ ብቻ ይዞር ነበር። እንዳይቸገር ብዬ እኔው ቀደምኩት፤ ገበታ ሲቀርብ ወደ ግድግዳው መዞር ለመድኩ። ጣልያንም ወጣ፣ አባቴም አርጅቶ ሞተ፣ ሲበላ ግን ዳግም አላየሁትም።

ለልጅ ልጄ የታሪኩን የሚያስቀውን ግማሽ ነግሬዋለሁና፣ «እማማ፣ እኔን እምቢ ብሎኛል፣ እስቲ እርስዎ አፍጥጠው ይዩልኝ» አለኝ። አየሁለት። ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ዓይኔ አርጅቶ እንደሆነ፣ ድሮም ኃይል ያልነበረው እንደሆነ እንጃ፤ ደስ ግን አለኝ። የእናቴን ዘዴ ነገርኩት፤ በሁለት መዶሻ ግራና ቀኝ ቢለው ወጣለት።

እጁን ታጠበና ምሳው ቀረበለት። ዛሬ ማንም ምግቡን አይሸፍንብኝም። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ጉንጩን ሞልቶ ሲጎርስ፣ አንገቴ በራሱ ጊዜ ዞረ።

«እማማ፣ ግድግዳው ላይ ምን አለ?» አለኝ።

«አንተ ብላ» አልኩት።