ኮሪያ ያለው የአያቴ ስም

ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ድንጋይ ጠራቢው የአያቴ የመቃብር ድንጋይ ላይ ስም ይቀርጻል። የመሮው ድምፅ ወደ ልጅነቴ ይዞኝ ሄደ።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ኮሪያ ተምራ የተመለሰች የጎረቤታችን ልጅ ለአያቴ ፎቶ ይዛ መጣች። ፎቶው ላይ የሚታየው እዚያ ዘምተው ለወደቁ ወታደሮቻችን የቆመ፣ ስማቸው የተቀረጸበት መታሰቢያ ነው።

«አያ ታፈረ፣ የወንድምዎን ስም ፈልጌ አጣሁት» አለች።

ማንበብ ብርቄ ስለነበር ፎቶውን ነጠቅኋትና ስሞቹን ጮክ ብዬ አነበብኩ። አንዱን ደግሜ አነበብኩት። ታፈረ ወንዴ። ቀና ስል ታፈረ ወንዴ መደቡ ላይ ተቀምጠው የባቄላ እሸት ይፈለፍላሉ።

«አባባ፣ ሞተዋል እንዴ?» ብዬ በጩኸት አለቀስኩ።

እሸቱ ከእጃቸው ወደቀ።

«ወንድሜን መኳንንትን ዕድሜህ አልደረሰም ቢሉት በእኔ ስም ተመዘገበ። መርዶውም የመጣው በእኔ ስም ነው። በሩን የከፈትኩት እኔው ነኝ» አሉ። ቆይተው ደግሞ ለራሳቸው ይመስል፣ «እኔን እዚያ አቁመውኛል፤ እሱስ የት ይቁም?» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

አሁን ጠራቢው የድንጋዩን አቧራ እፍ ሲል ተጠግቼ አነበብኩ። መኳንንት ወንዴ ይላል።

«ምነው! ስሙን ተሳሳትክ እኮ!» አልኩት።

«አልተሳሳትኩም» አለኝ። «አያ ታፈረ በሕይወት ሳሉ ራሳቸው መጥተው ነው ያዘዙኝ። የእኔማ ድንጋይ ኮሪያ አለ፤ ይኸን ለወንድሜ አድርግልኝ ብለውኛል።»