እልልታዬ ያስደነበራት የበረዶ ነብር

እኔን ብሎ አዳኝ! አይጥ ሳይ ወንበር ላይ የምወጣ ሴትዮ፣ ነብር አደን ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ሳቁ፣ ሳቁ። ኦኬ፣ አሁን ቲቪውን ዝጉና ተጠጉ።

ያኔ ቼሪ መንገድ ላይ ነበር የምንኖረው፤ እናታችሁ ገና ትንሽ ተማሪ ናት። የነቢያት ጾም ከገባ ሰንብቷል። የሲያትል ዝናብ ታውቁት የለ፣ አይዘንብ አይተው፣ እንደ ጨቅጫቃ አማት ነው። ጠዋት ጓሮ ወጥቼ ጎመኔን ባየው ተረግጧል። ጭቃው ላይ መዳፌን የሚያክል ክብ ኮቴ፣ የጥፍር ምልክት የሌለው። ከኋላው ደግሞ ጭራ የጎተተው መስመር። «ይቺ ድመት ጫማ ቢገዛላት ስንት ቁጥር ይሆናት?» ብዬ ስስቅ፣ ጎረቤታችን ታደሰ በአጥሩ ላይ አሻግሮ አየው። ታደሰ እዚህ ታክሲ ነጂ ነው፤ አገር ቤት ሳለ ግን ጎፋ በረሃ ለአዳኞች መንገድ ይመራ ነበር።

ፊቱ ልውጥ አለ። «እትዬ ማሚቴ፣ ቀስ ብለው ወደ ቤት ይግቡ። ይሄ የድመት አይደለም። ኮቴው ወደ ጋራዥዎ ገብቷል፤ አልወጣም።»

ለፖሊስ ኮል አደረገ። ፖሊሱ ሲመጣ ሊንዳ የምትባል፣ ግንባሯ በፋሻ የታሰረ የእንስሳት ማቆያ ሠራተኛ አብራው መጣች። እንስሳዋን ጭና ስትሄድ መኪናዋ ተገልብጦ ያመለጠቻት እሷን ነው። ታደሰ እየተረጎመ ነገረኝ፦ የበረዶ ነብር ናት። አገሯ ቻይና፣ ደመናው ከእግር በታች የሚቀርበት ተራራ። ለቆዳቸው ሲሉ ዘራቸውን ሊጨርሱት ምንም አልቀረ፤ አሁን እነሱን መግደል በሕግ ክልክል ነው። ይቺ ደግሞ ማቆያው ውስጥ ላለው ወንድ የምትወሰድ ሙሽራ ኖራለች! ፖሊሱ ግን «ልጆች ከትምህርት ቤት ሳይወጡ ካልተያዘች እተኩሳለሁ» አለ። እውነቱን ነው። የኔም ልጅ በዚያው መንገድ ነው የምትመጣው። የሊንዳ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

ሊንዳ የሚያስተኛ መርፌ የሚተኩስ ጠመንጃ ይዛለች። ጋራዡ ግን ጨለማ ነው፤ ነብሯም አሮጌ ፍራሽ ኋላ ተወሽቃለች። ሶ፣ አንድ የብረት ሳጥን በሩ ፊት አስቀመጡ፤ ገመዱ ሲለቀቅ መዝጊያው የሚወርድ። «ማባበያ የሚሆን ሥጋ አለሽ?» አለችኝ ሊንዳ። በጾም! ነብሯ ከሰፈሩ ሁሉ ሥጋ የሌለበትን ቤት መርጣ ነው የገባችው። «ሽሮ ትበላለች?» አልኩ። ታደሰ ሳቁን ውጦ ዶሮ ሊገዛ ሮጠ።

ከዚያ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ታደሰ ገመዱን ይዞ ከቆሻሻ በርሜሉ ኋላ ተንበረከከ። ሊንዳ ከአጥሩ ጥግ፣ ፖሊሱ ከግቢው በር። እኔ ወደ ቤት ግቢ ብባል እምቢ ብዬ፣ ጋቢዬን ደርቤ የኩሽናው ደረጃ ላይ ቆምኩ።

መጀመሪያ ጢሟ ብቅ አለ። ከዚያ ራሷ፣ ከዚያ ያ አመድ የመሰለ ነጠብጣብ ገላዋ። ጭራዋማ ራሱን የቻለ ሌላ እንስሳ ነው የሚመስለው። ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ ውበት ጭቃ ሲረግጥ አይቼ አላውቅም። ዶሮውን አሸተተች። ግማሽ አካሏ ሳጥኑ ውስጥ ገባ።

እኛ አገር አዳኝ ሲቀናው ሴት ዝም አትልም። አፌ ቀደመኝ።

«እልልልልል!»

ምን ልበላችሁ! ወደ ኋላዋ ተፈናጥራ ወጣች፤ ታደሰ ገመዱን ሲለቀው መዝጊያው ባዶ ሳጥን ላይ ወደቀ። አንድ ጊዜ ዘለለች፣ ከደረጃው ሥር ደረሰች። ጆሮዋን አጣብቃ፣ ጥርሷን ገልጣ። ትንፋሿ እንፋሎት ሆኖ እግሬን ነካኝ። እጇን ሰነዘረችና ጋቢዬን ከትከሻዬ ገፈፈችው።

ፖሊሱ ከወዲያ በኩል አነጣጥሯል። እኔ ደግሞ በጥይቱ መስመር ላይ ነኝ። «ሙቭ! ሙቭ!» ይላል። ይሄን ለመረዳት እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ዞር ካልኩ ይተኩሳል። አልዞርኩም። ዓይኗን አየሁት፤ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። ቁጣ መስሎኝ ነበር። ቀርቤ ሳየው ፍርሃት ነው፣ የኔኑ ዓይነት ፍርሃት።

ጧ አለ፣ ቀጭን ድምፅ። ሊንዳ ናት። መርፌው የነብሯ ታፋ ላይ ተተከለ። ግን ቶሎ አይሠራም ለካ። ጋቢዬን በጥፍሯ እንደጨመደደች፣ እያጉረመረመች፣ እግሬ ሥር ቆየች። ማን ይተንፍስ! በስተመጨረሻ ጉልበቷ ከዳትና ጋቢው ላይ ተኛች። በዚያው ጠቅልለው ወደ ሳጥኑ ወሰዷት።

ጋቢውን ኋላ መለሱልኝ። ይኸው፣ ጥፍሯ የቀደደው። አልሰፋሁትም። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይ እንኳ ቀለበቱ ጣት ላይ እስኪገባ እልል አልልም። በእናታችሁ ሠርግ አፌን በእጄ ይዤ ስቆም ሰዉ ስቆብኛል። ይሳቅ። እኔ የሚታየኝ ያ ዓይን ነው።

በማግሥቱ የሰፈሩ ሴቶች ሊጠይቁኝ መጥተው «ከጥይት ጋረደቻት! ጀግና ናት!» ሲሉ እኔም ቀና ቀና ማለት አማረኝ። ታደሰ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል።

«እትዬ ማሚቴ፣ ምን ጀግና ነዎት» አለ። «እግርዎ ነው እምቢ ያለዎት። አፍዎ ሊያስገድላት፣ እግርዎ አዳናት።»