ሐረጎ ላይ የምትግለው መኪና

ምን አግብቶኝ መኪና ላክም ተነሳሁ! የሰው ትኩሳት እንኳ መች ለይቼ አውቅና። ልጆቼን ግንባራቸውን በእጄ ጀርባ እየዳሰስኩ «ደህና ነህ፣ ተነስ!» እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው።

ታላቅ እህቴ ደሴ፣ ሆጤ ነው ቤቷ፤ እኔ ኮምቦልቻ። የደሴ ብርድ ጉልበቷን ይዟት ሚኒባስ መሳፈር አቅቷታል። ልጄ በየጁምዓው በመኪናው ያመጣታል፤ እኔ ደጅ ፀሐይ ላይ እንደ በርበሬ ተሰጥታ ትውልና ከአስር ሰዓት በኋላ እንመልሳታለን። መኪናዋ ሃይብሪድ የሚሏት፣ ግማሽ በቤንዚን ግማሽ በባትሪ የምትሄድ፣ ድምፅ የሌላት ናት።

ታዲያ እህቴን ስንመልሳት፣ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ፣ ቀይ መብራት ቦግ ይልና መኪናዋን አቅም ያንሳታል። «ባትሪው ግሏል» ይላል ልጄ። መካኒኩ ጋራዥ ውስጥ ኮምፒውተር ሰክቶ አያት፤ ምንም የለባትም። ልጄ ብቻውን ሲነዳትም ምንም።

«እማዬ በቃኝ፣ እሸጣታለሁ» አለኝ።

ክው አልኩ። እሷ ከተሸጠች እህቴን ማን ያመጣልኛል?

«ወላሂ አትሸጣትም!» ብዬ መካኒኩ ዘንድ ሄድኩ። «አንተ፣ እዚህ ጥላ ስር እያየህ ደህና ናት ትላለህ። ሐረጎን አብረኸን ውጣ!»

ሳቀብኝ። «እሺ እማማ፣ ምሳ ካበሉኝ።»

በጁምዓው መካኒኩ ጋቢና፣ ከሚነዳው ልጄ ጎን ተቀምጦ ዓይኑን ኮምፒውተሩ ላይ ተከለ። እኔና እህቴ ከኋላ። ያ መንገድ ሲጠማዘዝ ያስተኛል። ከታች ኮምቦልቻ በፀሐዩ ትንሳፈፋለች፣ ከላይ የደሴ ጉም ይወርዳል። ድምፅ የለ፤ እኛ ቆመን ተራራው ቀስ እያለ የሚያልፈን መሰለኝ። እህቴ ድሮ አዝላኝ በጉም ውስጥ ስትሄድ፣ ጀርባዋ ሲሞቀኝ... ማለሜ ይሁን መንቃቴ እንጃ።

«እየጨመረ ነው... ጨመረ...» ይላል መካኒኩ፣ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው። «አቁም!»

ወርዶ የእህቴን በር ከፈተ። ከወንበሩ ጎን ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ አለ፤ እህቴ የሱፍ ሻርፗን ጠቅልላ ጥቅጥቅ አድርጋ ወትፋበታለች።

«እናቴ፣ ምን አስወተፈዎት?»

«ብርዱ ነዋ! መስኮቱን ዘግቼ ቀዳዳውን ልተወው?»

«ብርድ አይገባዎትም በዚህ። ባትሪው ከወንበርዎ ስር ነው፤ አየር የሚስበው በዚህች ነው። አፍነውት እኮ ነው!»

«ለሱ አዘንክለት! ለኔ ጉልበትስ?»

ሻርፑን መዝዞ ጉልበቷ ላይ ደረበላት። ጥቂት ቆምን፤ ሙቀቱ እየበረደ፣ እየበረደ ሄደ። ቀሪውን ዳገት ስንጨርስ ቀዩ መብራት አልበራም። ልጄም መሸጡን ተወው።

በነጋታው ይህንን እየተንከተከትኩ ለጎረቤቴ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም።

«እና አሁንም በየጁምዓው ወደዚያ ብርድ ልትመልሷት ነው?» አለችኝ። «አንቺ እዚህ ባዶ ክፍል ታቅፈሽ!»