የቡሩል ካፖርት

በናሪን ሸለቆ ፈረስ በመግራት እኔን ቱርዱባይን የሚስተካከል አልነበረም። አሁን ጉልበቴን አትዩ። በደህናው ዘመኔ ሙሉ በግ ታቅፌ የሞላ ወንዝ ተሻግሬያለሁ፤ ያዩኝ ሁሉ ሞተው ነው እንጂ ይመሰክሩልኝ ነበር። ግን ወሬው ስለ ሚስቴ ስለ ቡሩል ነው።

ቡሩል ዝምተኛ ናት። እኛ ዘንድ ፈረስም ይታለባል፤ እሷ ትታለባለች ያልተባለችውን ባዝራ እንኳ ታልባለች። አርባ ስድስት ዓመት ስንኖር ስሜን ጠርታው አታውቅም። ጨዋ ሚስት የባሏን ስም መች ትጠራለች? "ሽማግሌው" ነው የምትለኝ፤ ገና ጢሜ ሳያቀመቅም ጀምሮ ሽማግሌ ነኝ።

አራቱንም ልጆቻችንን ድራ በጨረሰችበት ጸደይ ዓይኗ ያልተገለጠ የተኩላ ቡችላ አመጣሁላት። የእናቷ ጉድጓድ ውስጥ በደረቴ የተሳብኩት እኔ ነኝ፤ አብረውኝ የሄዱት ውጭ ቆመው እግሬን ይዘው ይንቀጠቀጡ ነበር። ቡሩል በበግ ቆዳ ካፖርቷ ብብት ውስጥ ከታ የፍየል ወተት በጡጦ እያጠባች አሳደገቻት። ስሟንም ሱር አለቻት። በየማለዳው አንገቷ ላይ ጠፍር አስራ ወንዝ ዳር ታንሸራሽራታለች። ያቺ ጥጃ የምታህል አውሬ ውሻ ሲመጣባት ምን ታደርግ መሰላችሁ? ካፖርቱ ስር ትወሸቃለች! ለእኔ ግን ጥርሷን ነው የምታሳየኝ። ለእኔ፣ ስንቱን እብድ ፈረስ ላንበረከክሁት! ይሄ ያንገበግበኝ ነበር።

እኛ ዘንድ በጎቹ በመኸር ከተራራ ሲወርዱ ወጣት አዳኝ ውሾች በሕይወት በተያዘ ተኩላ ይፈተናሉ። ሱር ባደገችበት ዓመት ለፈተናው የሚሆን ተኩላ ጠፋ። የውሾቹ ጌታ ኤሴንጉል ሰው ፊት ያዘኝ።

"ቱርዱባይ፣ ቤትህ ተኩላ አለ ይላሉ። ያንተ ናት የሚስትህ?"

"የእኔ ናት እንጂ!"

"በል በጠፍር እየመራህ አምጣት። ወይስ ሚስትህን ልከን እናስጠራት?"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

"አፏን እናስረዋለን፣ ውሾቹ ትንሽ ያባርሯታል፣ በቃ" አለ ኤሴንጉል።

በቃ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እዚያ የውሾች መፈተኛ ሜዳ ገብታ ቤቷ የተመለሰች ተኩላ አይቼ አላውቅም። እያወቅሁ ነው እሺ ያልኩት።

ቡሩል የወለደች ልጃችንን ልታርስ ሄዳ ነበር። ማለዳ ጠፍሩን ይዤ ብቀርብ ሱር ጥርሷን አገጠጠች። ተመልሼ ገባሁና የቡሩልን ካፖርት ለበስኩ። ጠቦኝ ብብቱ ተተረተረ። ሱር መጥታ ጫፉን አሸተተች፤ አንገቷን ሰጠችኝ።

በመንደሩ መሃል ስመራት "አቤት ቱርዱባይ!" ያላለ የለም። ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድኩት። እንደዚያ የኮራሁት አንዴ ብቻ ነው፣ ቀዩን ድንጉላ የገራሁ ጊዜ፤ እሱንስ ሌላ ቀን አጫውታችኋለሁ።

አፏን አሰሩ፣ ጠፍሩን ፈቱ፣ ሦስት ውሾች ለቀቁ። ተራራው እዚያው አጠገቧ ነበር፤ ብትሮጥ ምናልባት ታመልጥ ነበር። አልሮጠችም። ወደ እኔ መጥታ ራሷን ካፖርቱ ስር ወሸቀች።

"ገለል በል እንጂ ሰውዬ!" ብሎ ጮኸ ኤሴንጉል። "ይነክሱሃል!"

ገለል አልኩ።

ቡሩል ስትመለስ "ጠፍሯን በጥሳ ተራራ ገባች" አልኳት። አመነችኝ። የካፖርቱን ብብት ሰፋች፤ ምን ቀደደው ብላም አልጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ክረምት ጋራው ላይ ተኩላ በጮኸ ቁጥር "ሱር ሰላም እያለችን ነው" ትላለች። እኔም "አዎ፣ ድምጿን ለየሁት" እላለሁ።

ዘንድሮ ቡሩል አልጋ ያዘች። ባለፈው ሳምንት ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሰችኝ።

"ሽማግሌው፣ ሰማሃት? ቅርብ ናት። ካፖርቴን ልበስና ውጣ፣ እኔ መስለሃት ትመጣለች። ደህና ሁኚ ብላሻለች በላት።"

ለበስኩት። ያኔ የተረተርኩት ካፖርት አሁን ሰፍቶኝ ይንዘላዘላል። በረዶው ላይ ወጥቼ እግሬ እስኪደነዝዝ ቆሜ ገባሁ።

"መጣች?"

"መጣች።"

የካፖርቱን ጫፍ ስባ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው።

"አልነካችህም።"

"ከሩቅ ነው የቆመችው።"

"ይሄን ካፖርት እያየች? ሱር? ከሩቅ?"

ይሄ አፌ ለስንቱ መልስ ሲሰጥ የኖረ አፍ ነው። ያን ጊዜ ግን እውነቱን አወጣ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሜዳውን፣ ውሾቹን፣ ገለል ማለቴን።

የካፖርቱን ጫፍ ለቀቀችው።

"አንገቷን ስትሰጥህ ጅራቷን ቆላች?"

"ቆላች።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"አውልቀው" አለች። "ካፖርቴን አውልቀው፣ ቱርዱባይ።"